ሁለቱንም ዓይን መሣል

(ለወጣት ሠዓሊዎችና ጋዜጠኞች ከተደረገ ንግግር፣ ለንባብ በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

የንግሥተ ሳባን ታሪክ የያዘውን ሸራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ ባሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ተሰቅሎ ያላየው ሰው የለም። ሸራው በትንንሽ ሳጥን የተከፋፈለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 44 ሳጥን ይሆናል። ዘንዶው ሲገደል፣ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስትጓዝ፣ ሰሎሞን ግብር ሲያበላት፣ ሌሊት ውሃ ጥም ሲያስነሳት፣ ምኒልክ ሲወለድ፤ አንዱ ሳጥን ለሌላው እያቀበለ ታሪኩ ይሄዳል። ከየሳጥኑ ጋር አጭር ጽሑፍ አለ። ኮሚክ፣ ማለት በሥዕል ሳጥንና በጽሑፍ የሚነገር ታሪክ፣ ከውጭ የመጣ ነገር ነው ለሚለኝ ሰው የማሳየው ይህን ሸራ ነው።

በዚሁ በአገራችን አሣሣል አንድ የቆየ ልማድ አለ። ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። የዓድዋን ሥዕሎች አስታውሱ፤ የእኛ ሠራዊት ሁለት ዓይኑን ገልጦ ያየናል፣ ጣሊያኖቹ በጎን ተደርድረዋል። ሠዓሊው አንድ ቃል ሳይጽፍ ፈርዷል። የሚያየው ሰውም ሳይታወቀው ፍርዱን ይቀበላል።

ይህን ያነሣሁት ጎርፍ፣ እሳት ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላ ከተረፈ ሰው ዘንድ ሄደን ታሪኩን ስንሥል እኛም እንደዚያው ስለምንፈርድ ነው። ከዚያም አልፈን በሰውየው አፍ ቃል እናስገባለን። በሥራችን ከተናጋሪው አፍ የሚወጣውን ክብ ፊኛ እንለዋለን። ለእኔ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ኮሚክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይህ ፊኛ ነው። ሥዕሉ የእኔ እንደሆነ አንባቢው ያውቃል፣ እጄን ያየዋል። ፊኛው ውስጥ ያለውን ግን የተናጋሪው ቃል ነው ብሎ ያምነኛል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ደቡባዊ ጠረፍ መታ። የኒው ኦርሊየንስን ከተማ ከውሃ የሚከልሉት ግንቦችና የአፈር ክትሮች በብዙ ቦታ ተደርምሰው ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ውስጥ ገባ። ከ1,300 በላይ ሰው ሞተ። ማምለጫ መኪና ያልነበራቸው፣ አቅመ ደካሞችና ድሆች፣ አብዛኞቹም ጥቁሮች፣ ሱፐርዶም በተባለው ስታዲየምና በኮንቬንሽን ሴንተሩ ተሰበሰቡ። በኮንቬንሽን ሴንተሩ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ምግብና ውሃ ሳያገኝ ለቀናት ቆየ። በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥኑና ጋዜጣው ስለዚህ ሕዝብ የሚያወራው ሌላ ነበር። ወሮበሎች እየገደሉ ነው፣ እየደፈሩ ነው፣ ሬሳ ተከምሯል ተባለ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሲጣራ ከወሬው አብዛኛው መሠረት እንደሌለው ታወቀ።

ጆሽ ኑፌልድ የሚባል የብሩክሊን ሠዓሊ ከአውሎ ነፋሱ በኋላ የአሜሪካ ቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ሚሲሲፒ ውስጥ ቢሎክሲ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ካሜራ ሳይሆን እርዳታ ይዞ መሄዱን ልብ በሉልኝ። ከዚያ በኋላ ነው የኒው ኦርሊየንስ ሰዎችን እያነጋገረ «ኤ.ዲ.» የተባለውን ሥራ የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በኢንተርኔት በተከታታይ ወጣ፣ በ2009 መጽሐፍ ሆነ። ሱቁን ጥሎ አልሄድም ያለ ነጋዴ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያከማቸውን የኮሚክ ስብስብ ውሃ የበላበት ሰው፣ ቤቱ ሳይነካ ተርፎ ለሌሎች መጠጊያ የሆነ ሐኪም አሉበት። አንዲት ሴት ደግሞ አለች፣ ከነእናቷ ኮንቬንሽን ሴንተሩ የደረሰች።

እዚያ ምዕራፍ ላይ ቴሌቪዥኑ ወሮበላ ያላቸው ወጣቶች መሣሪያ ታጥቀው ይመጣሉ። የያዙት ውሃ ነው። ለአሮጊቶቹና ለሕፃናቱ ያድላሉ፣ ሰው እንዳይረጋገጥ ሥርዓት ያስይዛሉ። ሠዓሊው እነዚህን ወጣቶች ፊት ለፊት ሊሥላቸው የቻለው ሴትየዋ ፊት ለፊት ስላየቻቸው ነው። ሄሊኮፕተር ላይ ያለ ካሜራ አናት ነው የሚያየው። ወለሉ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ውሃውን የሚያቀብለውን እጅና ከእጁ በላይ ያለውን ፊት ነው። የተረፈ ሰው ቃል የሚጠቅመን ታሪኩን ስለሚያሳዝንልን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልደክምለትም ነበር። እሷ ባትናገር እነዚያ ልጆች ለዘለዓለም በአንድ ዓይን ተሥለው ይቀሩ ነበር።

እንዲህ ስል የተረፈ ሰው አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። ከዚያችው ከተማ አንድ ከባድ ጉዳይ ላንሣ። ሎወር ናይንዝ ዋርድ በሚባለው ሰፈር ብዙ ነዋሪዎች ግንቡ ከመደርመሱ በፊት ፍንዳታ ሰምተናል፣ ግንቡን ሆን ብለው ነው ያፈረሱብን ይላሉ። የመረመሩት መሐንዲሶች የደረሱበት ግን ግንቦቹ በአሠራራቸው ጉድለትና ውሃ ከአቅማቸው በላይ ስለመጣባቸው መደርመሳቸውን ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ነዋሪዎች አንዷን ትሥላላችሁ እንበል፤ «አፈነዱት» ትላችኋለች። ምን ታደርጋላችሁ? ብትቆርጡት አፏን ዘጋችሁ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ብታወጡት አንባቢውን አሳሳታችሁ።

አሁን ሌላ ነገር ልጨምርላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1927 ሚሲሲፒ ወንዝ ሲሞላ ኒው ኦርሊየንስን ለማዳን ተብሎ ከከተማዋ በታች ካርናርቨን በተባለ ቦታ የነበረው ክትር በዲናሚት እንዲፈርስ ተደርጓል። የሴንት በርናርድና የፕላክመንስ አካባቢ ድሆች መሬት በዚያ ውሃ ጠፍቷል። ይህ በሰነድ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ሴትየዋ «አፈነዱት» ስትል በአያቶቿ ዘመን በእርግጥ የሆነ ነገር አብሯት ይናገራል። ኮሚክ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው። ቃሏ እንዳለ ፊኛው ውስጥ ይቀመጣል። ከሳጥኑ በላይ ባለው ጠባብ መስመር የመሐንዲሶቹ ግኝትና የ1927ቱ ታሪክ በእኛ ድምፅ ይጻፋል። አንባቢው ሁለቱንም በአንድ እይታ ያያቸዋል፣ አንዱ ሌላውን ሳይውጠው። በጋዜጣ ዜና ይህን ለማድረግ ስንት «ይሁን እንጂ» ያስፈልጋል።

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። ዶን ብራውን የተባለው ሠዓሊ ስለዚሁ ስለካትሪና እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው «ድራውንድ ሲቲ» በተባለው መጽሐፍ ሰዎቹ የሚናገሩት ከሰነድ የተወሰደ ቃል ነው፣ ምንጩም መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ጥንቁቅ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ብዙዎቹ ሰዎች ግን ትንንሽ ሆነው በውሃው ውስጥ ያልፋሉ፣ ስማቸውንም አናውቅም። አደጋው ሰፍቶ ይታያል፣ አንድን ሰው ይዘን የምንሄድበት መንገድ ግን ጠባብ ነው። እኔ በበኩሌ ስቼም ቢሆን ከሰውየው ጋር መቀመጥን እመርጣለሁ። እንዴት እንደሳትሁ ልንገራችሁ።

የተወለድሁት ድሬዳዋ ነው። ደቻቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከዚራና መጋላ የሚባሉትን ሰፈሮች የሚለይ ወንዝ ነው፣ ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ልጆች ሆነን ኳስ ተጫውተንበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ከከተማው በስተደቡብ ባለው ደጋ ነው፤ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወድቅ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ደቻቱ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያቺን ሌሊት በኮሚክ ለመሥራት ተነሣሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ጎረቤታችን ከነበረች ሴት ዘንድ ነው፣ እትዬ እንላታለን። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይሠራም፤ «አንቺ» ስላት ክብር የነሣኋት እንዳይመስላችሁ።) ሁለት ሰዓት ያህል አወራችኝ፣ ቀዳሁት። ቤቴ ገብቼ አራት ገጽ ሣልሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እሷ ናት፤ ውሃው ጉልበቷ ደርሷል፣ ልጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋለች፣ ፊቷ ወደ ላይ ነው፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ፊኛው ውስጥ «አምላኬ ሆይ፣ ልጄን ከዚህ መዓት አውጣልኝ!» ይላል። ኮርቼበት ነበር።

ረቂቁን ይዤላት ሄድሁ። መነጽሯን አድርጋ ዝም ብላ አየችው። ጣቷን ፊኛው ላይ አድርጋ፣ «አቦ፣ ይሄ የእኔ አፍ አይደለም» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ብለሽ ነበር?» አልኋት።

ቆየች። ቡናውን አማሰለች። ከዚያ፣ «ጫማዬን ነው ያልኩት» አለች። «ውሃው ገብቷል፣ ልጁ ትከሻዬ ላይ ነው፣ እኔ አጎንብሼ ጫማ እፈልጋለሁ። ጫማዬ የታለ፣ ጫማዬ የታለ እላለሁ። የፕላስቲክ ጫማ እኮ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ።»

ሁለት ሰዓት የቀዳሁት ቃል ውስጥ ጫማ የሚባል ነገር አልነበረም። ያን ቀን የነገረችኝ ሰው ሊሰማ የሚፈልገውን ነበር። ጫማውን ያወጣው የእኔ ስሕተት ነው፤ የእሷ ያልሆነ ቃል በአፏ ገብቶ ስታየው የራሷን አስታወሰች። ከዚያ ወዲህ ረቂቅ ይዞ መመለስን እንደ ጨዋነት ብቻ አላየውም። ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ፣ እውነተኛው፣ የሚደረገው ሥዕሉ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ነው።

ገና አልጨረሰችም። «ፊቴንስ እንዴት አየኸው?» አለችኝ። «መብራት ጠፍቶ ነበር እኮ። እኔ ራሴ ልጄን በእጄ እየዳበስኩ ነው ያገኘሁት።»

ገጹን ቀደድሁት። አዲሱ ገጽ ስድስት ሳጥን ነበረው፣ ስድስቱም ጥቁር። ፊቷ የለም፣ እንባ የለም። ፊኛዎች ብቻ። ምን ተሰማ ብዬ እንደገና ጠየቅኋት፣ እሷም ድምፁን አንድ በአንድ አወጣችልኝ። መጀመሪያ ከባድ መኪና የሚመስል ጉርምርምታ። ከዚያ ከጀርባ ቤት በኦሮምኛ «ቢሻን! ቢሻን!» ቀጥሎ ከማዶ በሶማልኛ «ቢዮ!» ከዚያ የራሷ ባል «ውሃ!» ሦስት ፊኛ በሦስት ቋንቋ፣ ሁሉም ያው አንድ ነገር። አራተኛው ሳጥን ላይ «ጫማዬ የታለ?»

አንድ አሳታሚ ገጹን አይቶ ሁሉም በአማርኛ ይሁን፣ አንባቢ ይደናገራል አለኝ። «አቦ» የሚለውም እንዲወጣ ጠየቀኝ፣ የመንገድ ቋንቋ ነው ብሎ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ነገሩን በእርጋታ ላስረዳችሁ። ድሬ ላይ ሰው ሲደነግጥ የሚወጣው ቋንቋ የእናቱ ቋንቋ ነው። ያን ሌሊት የነበረችው ከተማ ያችው ናት፤ በአንድ ግቢ ሦስት ቋንቋ የሚጮህባት። ሁሉንም ወደ አንድ ብንገለብጠው ጎርፉ የመጣው ስም በሌለው ሌላ ከተማ ላይ ይሆናል። «አቦ»ን ካወጣሁት ደግሞ የምትናገረው ሴት ሌላ ሴት ናት። የንግግሯን ሰዋስው ማረም ራሷን ማረም ነው። አላወጣሁትም፤ ሥራውን ይዤ ወጣሁ።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል። ብራያን ፊስ የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2017 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ሮዛ ከተማ ቤቱ ተቃጠለ። ተብስ ፋየር በተባለው በዚያ እሳት 22 ሰው ሞቷል፣ ከ5,600 በላይ ቤትና ሕንፃ ወድሟል። ብሩሹና ቀለሙ ሁሉ አብሮ ስለነደደ ከሱቅ ተራ ወረቀት፣ ማርከርና ማድመቂያ እስክርቢቶ ገዝቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ 18 ገጽ ሥሎ በኢንተርኔት ለቀቀው። በኋላ ታሪኩን እንደገና በሰፊው ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 መጽሐፍ አደረገው፣ የሌሎች ተጎጂዎችንም ታሪክ ጨመረበት። እነዚያ የመጀመሪያ ገጾች ላይ መስመሩ ይቸኩላል፣ ቀለሙ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ የሚሰመር ዓይነት ነው። እጁ ገና ከድንጋጤው አልወጣም ነበር፣ ይህንንም ታዩታላችሁ። ከዓመታት በኋላ የሚነገር ቃል ደግሞ ሌላ ነው፤ እትዬ ጫማውን ለማውጣት ስንት ዓመት ፈጅቶባታል። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ እባካችሁ ቃሉ መቼ እንደተነገረ ገጹ ላይ ጻፉ። «ከጎርፉ በሦስተኛው ቀን»፣ «ከዓሥራ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ቡና ላይ» በሉ። አንባቢው ፊኛውን ሲያይ ያን ቅጽበት የተባለ እንዳይመስለው።

አጠያየቅን በተመለከተ ብዙ አልልም። «ምን ተሰማህ?» አትበሉ። የተረፈ ሰው ይህን ጥያቄ መቶ ጊዜ ተጠይቆታል፣ መልሱም አፉ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። በሩ ወደ ውስጥ ነበር ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው? ምጣዱ የት ነበር? ማን በየትኛው ጎን ተኝቶ ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። ለመሣል በእርግጥ የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፤ ሰውየውም የቤቱን በር እያሰበ ሲሄድ የረሳው ነገር ይመጣለታል። ሲከብደው አቁሙ። መቅጃውን አጥፉና ቡናውን ጠጡ። በማግስቱ ትቼዋለሁ ካለ ትቶታል፤ ገጹ የቱንም ያህል ቢያምር።

ሬሳን ስለመሣል ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። የእኔ አቋም ቤተሰቡ በሕይወት ሳለ ሳይፈቅድ የሟችን ፊት አልሥልም የሚል ነው። እኛ አገር ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደዋ ሴት ሟቹን ስታነሣው የፈረሱን ዓይነት፣ የደግነቱን ነገር፣ ሲስቅ የነበረውን ሁኔታ ነው የምትጠራው። ዘመዱ መሐል ቆማ ነው የምታወርደው፤ ብትሳሳት እዚያው ያርሟታል። እኛም ጠረጴዛችን ላይ ብቻችንን ስንሥል ያ ዘመድ አጠገባችን እንዳለ ሆነን ብንሠራ ብዙ ነገር ይስተካከል ነበር።

የመጨረሻው ነገር የጎፋ ጉዳይ ነው፤ ከእናንተ መሐል ወደዚያ ለመሄድ ያሰባችሁ እንዳላችሁ ስለሰማሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። መጀመሪያ በወረደው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ሁለተኛው ናዳ ወርዶ ቀበራቸው። ብዙዎቹ የሞቱት ሰው ለማዳን ሲቆፍሩ ነው። እዚያ ስትሄዱ የምትሰሙት ቃል በጎፍኛ ነው፣ የምታትሙት በአማርኛ ይሆናል። አስተርጓሚያችሁ የቀበሌው ባለሥልጣን እንዳይሆን ተጠንቀቁ፣ ሰው በእሱ ፊት የሚናገረው ሌላ ነው። ቅጂውን በጎፍኛው አስቀምጡ፤ ረቂቁን ስትመልሱም በጎፍኛ ይነበብላቸው።

የዚያን ሳምንት ፎቶግራፎች እንደገና እዩዋቸው። ሕዝቡ በእጅና በአካፋ ጭቃውን ይቆፍራል። አብዛኛው ሰው አጎንብሷል፣ ጀርባው ነው የሚታየው። ሁለት ዓይን ለመሣል ብትፈልጉ እንኳ ፊት የለም። ለእኛ ሁሉም ጀርባ አንድ ነው። እዚያ ለነበረ ሰው ግን ያ ሰማያዊ ሸሚዝ የማን እንደሆነ፣ ያ አቀርቅሮ በግራ እጁ የሚቆፍረው የማን ልጅ እንደሆነ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጀርባዎቹን እንዳሉ ሣሏቸው። ረቂቁን ይዛችሁ ሂዱና በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ፦ ይሄ ማን ነው? ይሄስ? የሚነግሯችሁን ስም፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ከየጀርባው አጠገብ በትንሹ ጻፉት።